የአንበጣ አርቢዋ ቂም

ጀዋድ ተመልሶ መምጣቱን ኢጃ የሰማችው እጇን እስከ ክርኗ የአንበጣ ሳጥን ውስጥ ከትታ ሳለ ነው።

ወሬውን ያመጡት ሁሉም በአክብሮት ዳ ሕሙ የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የአንበጣ ምርምር ጣቢያው ሾፌርም፣ ሣር አጫጅም፣ ወሬ አቀባይም እሳቸው ናቸው። የጠዋቱን የስንዴ ቡቃያ ደጃፉ ላይ ዘረገፉና ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«የፌዝ ከተማው ልጅ መጣልሽ» አሏት። «ከፈረንሳይ አገር ዶክተርነቱን ጭኖ ተመልሷል። አለቃችን ሊያደርጉት ነው አሉ።»

ኢጃ እጇን አላወጣችም። ከጣቶቿ አጠገብ አንዲት ኩብኩባ የመጨረሻ ቆዳዋን ልታወልቅ ቀንበጥ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። በዚያች ሰዓት የነኳት እንደሆነ ክንፏ ተጨማዶ ይደርቅና ዕድሜዋን ሙሉ ሳትበር ትቀራለች። ኢጃ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ የጠወለገውን ሣር ከሥሯ ቀስ ብላ ሳበች፣ አዲሱን አስገባች፣ የሳጥኑን በር ዘጋች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ ኮራች።

«የማን ልጅ አሉኝ?»

«ተይ እንጂ! እኔን ሽማግሌውን?»

«አገሩም ፌዝ፣ ነገሩም ፌዝ» አለች። «ይምጣ። ከዚህ ሁሉ አንበጣ ጋር የኖርኩ ሰው አንድ ቢጨመርብኝ አይከብደኝም።»

ዳ ሕሙ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሦስት ዓመት ሙሉ አላህን የለመነችው ይህንኑ ነበርና፤ ያን ሰው እንዲመልስላት። ልታቅፈው አልነበረም። እጇ እንዲገባላት ነበር።

*

ኢጃ የተራራ ልጅ ናት። ባባ የምትላቸው አባቷ ቢሂ ከታፍራውት ከተማ በላይ፣ አልሞንድ ከቋጥኝ መሃል በሚያብብበት መንደር ንብ ያረባሉ። እሷ ከግብርና ትምህርት ቤት እንደወጣች ከአጋዲር ከተማ ዳርቻ፣ ሱስ በሚባለው ሜዳ ብርቱካን እርሻዎች መካከል ባለው የአንበጣ ምርምር ጣቢያ በአርቢነት ተቀጠረች። እዚያ አንበጣ የሚረባው እንዲሞት ነው፤ ንብና ወፍ ሳይነካ አንበጣን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ይፈተንበታል። ለመሞትም ግን መጀመሪያ መኖር አለ። በወንፊት ሳጥን፣ በአምፖል ሙቀት፣ ሣርና ፉርሽካ እየቆረጠሙ፣ እንቁላላቸውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ እየቀበሩ በእሷ እጅ ይባዙ ነበር።

ጀዋድ በሌላ በኩል የፌዝ ሰው ነው። ቅድመ አያቶቹ ሐር ነጋዴዎች፣ ሟች አባቱ ራባት ውስጥ የተከበሩ ሹም ነበሩ። ጣቢያው ውስጥ ጀማሪ ተመራማሪ ሆኖ ሲመጣ ከኢጃ ጋር በአንድ ሳጥን ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ አንበጦች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ገላቸው እንደ ሎሚ ቢጫ የሚሆንበትን ጊዜ መከታተል ነበር ሥራቸው። እሱ ግን የሚከታተለው ሌላ ነበር። ቀና ባለች ቁጥር ከወንፊቱ ማዶ ዓይኖቹን ታገኛቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ሻሽሽ ላይ አንበጣ አለ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እሱን አስመስዬ አንቺን ማየት ስለቻልኩ ነዋ።»

በዚያች ቀን ፍቅር ተጀመረ። ዝምታው ያን ጊዜ ጣፍጧት ነበር።

በዓመቱ ጀዋድ እናቱን፣ በአክብሮት «ላላ» ማለትም እመቤት የሚባሉትን ኩልሱምን፣ ይዞ ለሽምግልና ተራራው ድረስ መጣ። ወጉ እንደሚያዘው በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለሉ የስኳር ሾጣጣዎች ክምር፣ ሒናና ቴምር መኪናው ላይ ተጭኗል። የመንደሩ ሴቶች ከበሮ ይዘው ደጅ ወጡ። ባባ ከሁሉ የሚሳሱለትን የዓመቱን የመጀመሪያ ማር ከአልሞንድ ጋር ለውሰው አቀረቡ።

ላላ ኩልሱም መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ተቀመጡ። ማሩን አልነኩም። ግድግዳውን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ የኢጃን የተሰነጣጠቁ እጆች አዩ፤ ከዚያም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ፦

«ልጄ ቀን ቀን አንበጣ ሲጠብቅ ይውላል፤ እሺ፣ ሥራው ነው። ማታ ደግሞ ከአንበጣ በሎች ልጅ ጋር ይደር?»

ከበሮው ተቋረጠ። እውነት ነው፤ በክፉ ዘመን ተራራው ሰማይ የላከለትን አንበጣ በጨው ቀቅሎ በልቶ ከሞት ተርፏል። ባባ ቀስ ብለው ተነሱ። «የበላነውን አላፈርንበትም፣ ላላ» አሉ።

የሰው ሁሉ ዓይን ጀዋድ ላይ ሆነ። ኢጃም ሻይ ቀድታ ከተመለሰችበት መጋረጃ ጀርባ አየችው። የምትጠብቀው አንዲት ቃል ነበር፣ አንዲት ብቻ። ጀዋድ የሻይ ብርጭቆውን አየ። አየው፣ አየው፣ ቀና ሳይል ቀረ።

የስኳሩ ክምር ተመልሶ ሲጫን አንዱ ሾጣጣ ደረጃው ላይ ወድቆ ተሰባበረ። ባባ ስብርባሪውን ለቅመው ለፍየሎቻቸው ሰጡ። ጀዋድ በወሩ ባሕር ተሻግሮ እንደሄደ ተሰማ። ኢጃም አላለቀሰችም። ውስጧ አንድ ነገር ቆዳውን ቀይሮ ደርቆ ቀረ፤ ስሙ ቂም ነበር።

*

እነሆ አሁን ተመልሶ የእርባታ ክፍሏ ደፍ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ጸጉሩ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። አፍና አፍንጫው ግን በወፍራም ማስክ ተሸፍኖ ከዓይኑ በቀር አይታይም።

«ደህና ነሽ፣ ኢጃ?»

ድምፁ ዛሬም ሲጥማት በራሷ ተናደደች። «ደህና ነኝ፣ ዶክተር። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እርስዎ» የምትለዋ ቃል ፊቱ ላይ እንደ ጥፊ አረፈች። አየችው፤ ደስ አላት።

«ወደ ውስጥ አይገቡም?»

እግሩን ሊያነሳ ቃጣው፤ መልሶ ተከለው። «ከዚህ ይበቃኛል» አለ።

ይበቃዋል! ኢጃ ማስኩ ላይ አፈጠጠች፤ ያየችው ግን የላላ ኩልሱምን መሐረብ ነበር። ያ የሚያውድ፣ ጥግ ጥጉ የተጠለፈ መሐረብ ባሕር ተሻግሮ፣ ተምሮ፣ ልጁ አፍንጫ ላይ ተመልሶ መጥቷል። እናት በቤቴ፣ ልጅ በሥራዬ! አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ፤ በየቀኑም ከደፉ አላለፈም። ከመስኮቱ መስታወት ማዶ ቆሞ ያያታል። ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል። በሳምንቱ ሠራተኞች ልኮ ትልልቅ የአየር መሳቢያ ማራገቢያዎች ጣራዋ ላይ አስገጠመ።

«ጠረናችንን እየጠረገው ነው» አለች ኢጃ፣ ማራገቢያው ሲያጓራ ወደ ላይ እያየች።

ዳ ሕሙ ሣር የሞላውን ከረጢት አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሰውን በአፍንጫው አትመዝኚው። እሱ እኮ...»

«እሱ እኮ ምን?»

ሽማግሌው የከረጢቱን አፍ ፈቱ። «ምንም። ሣሩ ዛሬ እርጥብ ነው፤ አናፍሺው።»

«ዳ ሕሙ፣ እርስዎም ለፌዞች ሆኑ?»

«እኔ ለማንም አልሆንኩ። እኔ ለጉልበቴ ነው የማስበው» ብለው እያጉረመረሙ ወጡ።

ኢጃ ብቻዋን ቀረች። ጣራው ላይ የሚያጓራው ማራገቢያ የተሰደበች ያህል ፊቷን አቃጠላት።

*

ጊዜው ራሱ መጣላት። የጣቢያው አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ጀዋድ በይፋ ዋና ኃላፊ ሊባል ነው፤ ከራባት ሹማምንት ይመጣሉ፣ ላላ ኩልሱምም ይገኛሉ ተባለ። እንግዶቹን የእርባታ ክፍል ውስጥ አዙራ እንድታስጎበኝ የታዘዘችው ኢጃ ናት።

በዋዜማው ክፍሉን አጸዳች፤ ትልቁን ሳጥን ግን ተወችው። የመስታወት ፊት ያለው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሳጥን ነው። ወለሉ ላይ የወለቀ ቆዳ፣ ኩስና የደረቀ ሣር እንደ አመድ ተከምሯል። ከነገው በኋላ ይጸዳል፤ ማን እንደሚያጸዳው ታውቃለች። ሌላ ምንም አላሰበችም። ጎንበስ ብሎ፣ መጥረጊያ ይዞ፣ ማስኩን አውልቆ፣ እናቱ እያዩት። ይህችን ብቻ። በሐሳቧ ደጋግሞ ጎነበሰላት፤ ደጋግማም ጣፈጣት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እንግዶቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ተግተልትለው ገቡ። ላላ ኩልሱም ረጅሙን አረንጓዴ የሐር ቀሚሳቸውን፣ ጀላባቸውን፣ ጋዋን አላስነኩትም። መሐረቡም እጃቸው ላይ ነው። ኢጃን ሲያዩ ቅንድባቸው ትንሽ ተነሳ፤ አውቀዋታል።

«እንኳን ወደ ቤቴ በሰላም መጡ፣ ላላ» አለቻቸው ኢጃ ዝቅ ብላ። «እዚህም የምናቀርበው ያው አንበጣ ነው።»

አንድ ሹም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ላላ ኩልሱም አልሳቁም።

ኢጃ እንቁላሉን አሳየች፣ ገና የተፈለፈሉትን እንደ ጉንዳን ጥቁር ኩብኩባዎች አሳየች፣ ቢጫ ወንዶቹ ሴቶቹ ጀርባ ላይ ተፈናጥጠው አሸዋው ላይ ሲጠብቁ አሳየች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ጀዋድ እንደ ልማዱ ማስኩን አድርጎ ደፉ ላይ ቆሟል። ከኋላው ዳ ሕሙና የሣር ቤቱ ሠራተኞች ተጠጋግተው ያያሉ። በመጨረሻ ትልቁ ሳጥን ፊት ስትደርስ ዘወር አለች።

«ክቡራን እንግዶች፣ እኛ እዚህ የምንሠራ ሰዎች አፍንጫችንን ሸፍነን አናውቅም። ነገ የሚመሩን ዶክተር ጀዋድ ግን ከመጡ ጀምሮ ይህችን ደፍ አንድ ቀን አልተሻገሩም። ጠረናችን ከብዷቸው ይሆናል፤ የትልቅ ቤት ልጅ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። ግን ዛሬ እናንተ ባላችሁበት ማስካቸውን አውልቀው፣ ይህ ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ እኛ እንደምንጠርገው ጠርገው ቢያሳዩን ምን ይመስላችኋል?»

አምፖሎቹ ሥር አንበጦቹ ሲቆረጥሙ ብቻ ይሰማል።

«እውነቷን ነው!» አለ የሳቀው ሹም፣ እጁን እያጨበጨበ። «ግባ እንጂ ዶክተር፣ ጀግና አንበጣ አይፈራም!»

«ኢጃ!» አሉ ዳ ሕሙ ከኋላ።

«ጀዋድ፣ አይሆንም!» አሉ ላላ ኩልሱም። «አይሆንም አልኩ!»

ኢጃ በእናቲቱ ጩኸት ልቧ ዘለለ። ይኸውና፣ ዛሬም ያዙታል! ዓይኗን ከጀዋድ ሳትነቅል መጥረጊያውን ዘረጋችለት። እሱም ረጅም ጊዜ አያት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ልመናም ቁጣም አልነበረም፤ አንድ ነገር የቆረጠ ሰው ዕርጋታ ብቻ ነበር። ከዚያ ማስኩን አወለቀ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ደፉን ተሻገረ፣ መጥረጊያውን ከእጇ ተቀበለ። ጣቶቻቸው ተነካኩ። እጁ በረዶ ሆኖ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ሲጠርግ አቧራው በአምፖሉ ብርሃን ውስጥ ወርቃማ ሆኖ ተነሳ። «አንበጣ ዕድሜው ሲደርስ...» ብሎ ለእንግዶቹ ማስረዳት ጀመረ፤ ቃሉ መሃል ላይ ቀጠነ። ሳለ። «ቆዳውን...» አለ ደግሞ።

«ማዕዘኑ ቀርቷል፣ ዶክተር» አለች ኢጃ።

ማዕዘኑን ጠረገ። ፊቱ ቀላ። አፈረ! አለች በልቧ፤ ጆሮዋ ውስጥ ያ የተቋረጠው ከበሮ እንደገና መመታት የጀመረ መሰላት። ሦስት ዓመት ያልቀመሰችው ጣፋጭ ነገር ምላሷ ላይ ሟሟ። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ብቻ ትየው።

ከዚያ ከንፈሩን አየች። ሰማያዊ ሆኗል።

ጀዋድ የሳጥኑን በር ጨብጦ ሊወጣ ሲል በሩ ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። እሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ አንበጦቹ ከላዩ ላይ እንደ ንፋስ ወጥተው ክፍሉን ሞሉት። ሹማምንቱ እየጮሁ ተራወጡ። ላላ ኩልሱም ግን አልሸሹም፤ በሐሩ ጀላባቸው፣ በነጭ ጸጉራቸው፣ በመሐረባቸው ላይ አንበጣ እያረፈባቸው ልጃቸው አጠገብ ተንበርክከው ደረቱን ይደበድቡ ነበር። ከልጃቸው ጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ፉጨት ብቻ ነው።

«አስም ነው!» ብለው ጮሁ ዳ ሕሙ፣ ሰውን በክርናቸው እየገፉ። «የአንበጣ አቧራ ይገድልሃል ብለውታል! ዞር በሉ! አንሱት!»

ኢጃ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ጣፋጩ ነገር አፏ ውስጥ አመድ ሆነ።

*

ሹሙ በመኪናው እናትና ልጅን ይዞ በረረ። ኢጃ ዳ ሕሙ ጎን፣ ሣር በሚጫንበት ፒክአፕ ውስጥ ሆና ተከተለች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«አስምሎኝ ነዋ! ቁርዓን አስይዞ አስምሎኝ! ‹ካወቀች ታዝንልኛለች፤ ልታዝንልኝ አልመጣሁም› አለኝ። ፈረንሳይ አገር ነው የታወቀበት። ከአንበጣ ራቅ ብለውታል። እንግዲህ ከዓለም አገር ሁሉ መርጦ የአንበጣ ጣቢያ መምጣቱ ለፉርሽካው ይመስልሻል?»

«ማራገቢያውስ?»

«ለሳንባሽ ነዋ! በእኔ የደረሰ በእሷ አይድረስ ብሎ!» ዳ ሕሙ መሪውን በመዳፋቸው መቱት። «ሁለታችሁም ደንቆሮዎች ናችሁ። ተምራችሁ ተምራችሁ!»

ኢጃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የብርቱካን ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ። እንባዋን መጥረግ አልፈለገችም፤ እጇ አንበጣ አንበጣ ይላል።

*

የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ላላ ኩልሱም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ተበትኗል። ኢጃን ሲያዩ ተነሱ።

«መጣሽ? ቀብሩን ልታዪ?»

«እንዴት ነው?»

«አንቺ እንዴት ነው ትያለሽ? መድኃኒት ወግተውታል፤ በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው። ጠብቁ አሉን። ደስ አለሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ኢጃ። ውሸት ደክሟት ነበር። «እስኪወድቅ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። አስሙን አላውቅም ነበር፣ ላላ። ሲናቅ ማየት ነበር የፈለግኩት፤ እኔ እንደተናቅኩት። እርስዎ አባቴን አዋረዱት፤ እሱ ብርጭቆውን እያየ ዝም አለ!»

«ዝም አለ?» ላላ ኩልሱም መራራ ሳቅ ሳቁ። «በሰው ፊት ዝም አለ፤ አዎ፣ እናቱ ነኝና። መንገድ ላይ ግን መኪናውን ገና ጠመዝማዛው ላይ አስቁሞ ወረደ። ‹ዛሬ አፈርኩብሽ› አለኝ። እኔን! በእግሩ ወደ አባትሽ ቤት ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ እናቴ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ላላ ይለኛል፤ እንደ ጎረቤት።»

«አልተመለሰም! ማንም አልመጣም!»

«ወላሂ ተመልሷል። አባትሽን ጠይቂ።»

ኢጃ ስልኳን አወጣች። ባባ ከወዲያ ማዶ «አቤት ልጄ» ሲሉ ንብ ይሰማል።

«ባባ፣ ያን ቀን ጀዋድ ተመልሶ መጥቶ ነበር?»

የቀፎ ክዳን ሲዘጋ ተሰማ።

«ባባ!»

«መጥቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ አክስትሽ ቤት ሄደሽ ነበር። ደጃፌ ላይ እስኪመሽ ተቀመጠ። ይቅርታ አለ። እግሬ ላይ ሊወድቅ አለ።»

«ምን አልከው?»

«ለአጎቷ ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ እሷም ወዳ ተቀብላለች አልኩት።»

ኢጃ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እናቱ ቤቴ ውስጥ የጣለችውን ድንጋይ ልጇ ይሸከመው ብዬ ነው» አሉ ባባ፤ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ፊቱን ብታዪው ኖሮ! ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። አንድ ክረምት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺ መሳቅ ስታቆሚ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ምን ሆኗል? ልጁ ምን ሆኗል?»

«ና» አለች ኢጃ። «ያገኘኸውን መኪና ተሳፍረህ ና።»

ስልኩን ስትዘጋ ላላ ኩልሱም ዓይኗን ትክ ብለው አዩት። ከእናት፣ ከአባትና ከልጅ ማን የበለጠ እንደከፋ ሁለቱም ሊለዩት አልቻሉም።

*

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ነርሷ ወጥታ «ነቅቷል» አለች። «ኢጃ የምትባል ማናት? እሷን ይላል።» ከዚያ የኢጃን ልብስ አይታ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ነሽ የአንበጣ ቤት ሠራተኛ? በዚህ ልብስማ አትገቢም! ጸጉርሽም፣ እጅሽም፣ ሁሉም አቧራ ነው። እንደገና ልታንቂው ነው?»

ኢጃ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጋዋኗን፣ ሹራቧን፣ ቀሚሷን አውልቃ ፌስታል ውስጥ አሰረች። ጸጉሯን ከነሥሩ በሆስፒታል ሳሙና ፈተገች፣ እጇን ቆዳው እስኪቀላ አሸች። ከዚያ በውስጥ ልብሷ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ የምትለብሰው እንደሌላት ትዝ አላት።

በሩ ተንኳኳ። ላላ ኩልሱም ገቡ። አረንጓዴውን ጀላባ ነርሶቹ ቀድመው አስወልቀዋቸዋል፤ አሁን ክንዳቸው ላይ ያለው ዘመድ ከሆቴል ያመጣላቸው ንጹሕ ነጭ ጀላባ ነው፤ የራሳቸው መቀየሪያ። እሳቸው በቀጭን የቤት ቀሚስ፣ ሰው አይቷቸው በማያውቅ ሁኔታ፣ ቆመዋል።

ለረጅም ጊዜ ጀላባውን አልዘረጉላትም።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ።

«እኔም አላልኩዎትም፣ ላላ።»

«እንግዲያው ተግባብተናል። እጅሽን አንሺ።»

ኢጃ እጇን አነሳች። አሮጊቷ ጀላባውን በራሷ ላይ አጠለቁላት፣ እርጥብ ጸጉሯን ከአንገትጌው ሥር መዘው አወጡ፣ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፉ። የመጨረሻው ቁልፍ አልገባ አላቸው፤ ኢጃ ግን አላገዘቻቸውም። ይድከሙ አለች በልቧ፤ አለችና አገጯን ቀና አደረገችላቸው።

*

ጀዋድ ትራስ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። የእናቱን ልብስ ለብሳ ስትገባ ሲያያት ዓይኑን ሁለት ጊዜ ጨፈን ከፈት አደረገ።

«ሞቼ ነው?» አለ በተሰነጠቀ ድምፅ።

«ዝም በል። አትናገር።»

«አንተ አልሽኝ።»

ኢጃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀችው ቃል ጠፋት። «ለአጎቴ ልጅ አልተሰጠሁም» አለች። «ማንም አልወሰደኝም። ባባ ዋሽቶሃል። መመለስህን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«አላገባችም ብለው ዳ ሕሙ ጽፈውልኝ ነው የመጣሁት። ስመጣ ግን ዶክተር አልሽኝ፤ አባትሽ ሲያባርሩኝ አንቺም ፈቅደሽ ነበር ማለት ነው አልኩ።» ትንፋሽ ሊወስድ ቆመ። «ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፣ ኢጃ። በሰው ፊት። መንገድ ላይ የተናገርኩት አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም» አለች። ልታስተባብልለት አልፈለገችም። «ዛሬስ ለምን ገባህ? የጠራሁህ እንድታፍር ነው። እንድታንስ። እናትህ እያዩህ።»

«ገብቶኛል።»

«እንደሚገድልህ እያወቅክ?»

ጀዋድ ጣራውን አየ። ጆሮው ቀላ። «እኔም ትንሽ... ልበቀልሽ ፈልጌ ነበር» አለ። «ፊቷ ልውደቅና ትየው፣ ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ታስበኝ ብዬ።»

ኢጃ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ቁጣዋ እንደ ሙቅ ውኃ ገነፈለ። «አንተ! ብትሞትስ? እኔ ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልቅር? ይህ ፍቅር ነው? አንተም፣ እናትህም፣ አባቴም፣ እኔም፤ አንድ ሰው እንኳ በመሃላችን የለም!»

«ዶክተር ነኝ» አለ ጀዋድ። «አስልቼው ነበር።»

«ስሌትህ ሰማያዊ አድርጎህ ነበር!»

ሳቁ በሳል ታነቀ። ደንግጣ ጀርባውን ደገፈች፤ ትከሻው በሸሚዙ ሥር አጥንት ብቻ ሆኗል። ሳሉ ሲያቆም ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ቀረ። እሷም አልገፋችውም። ይህን ሰው ሦስት ዓመት ጠልታዋለች፤ ጥላቻው ሲቀለበስ ከሥሩ የቆየው ነገር ሁሉ ትኩስነቱን ሳያጣ ተገኘ፤ እሱም ያማል።

«ከእንግዲህ ያ ክፍል ለአንተ አበቃ» አለች። «ለእኔም ሳያበቃ አይቀርም። ጣቢያውን ትለቃለህ ወይስ እለቃለሁ የሚለውን ግን ዛሬ አናነሳም።»

«ዛሬ ምን እናድርግ?»

«ዛሬ ትንሽ ልጥላህ።»

«እሺ» አለ፣ ግንባሩን ሳያነሳ።

ከበሩ መስታወት ማዶ ኮሪደሩ ይታያል። ባባ የተራራውን አቧራ እንደተሸከሙ፣ ጥምጥማቸው ተዛብቶ፣ ገና ገብተዋል። ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ነው። በአንዱ ጫፍ ላላ ኩልሱም የቤት ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ፣ በሌላው ጫፍ ባባ ጉልበታቸውን ጨብጠው፣ አንዱ ወደ መስኮት አንዱ ወደ ግድግዳ ዞረው ተቀምጠዋል። ሰላምታ አልተለዋወጡም። የሁለቱም ዓይን እየደጋገመ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ልጁ እንዴት እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ይጠብቃሉ።

«ማን ነው እሱ?» አለ ጀዋድ።

«ባባ ነው።»

«ከእናቴ ጋር? ምን እያሉ ነው?»

«ምንም።»

«ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ፤ በጭንቀት ይሞታሉ።»

ኢጃ ሁለቱን ሽማግሌዎች በመስታወቱ አየቻቸው። ልቧ ራራ። ከዚያ የጀዋድን ራስ ትከሻዋ ላይ አመቻችታ ይበልጥ ተደላድላ ተቀመጠች።

«እነግራቸዋለሁ» አለች። «ትንሽ ይቆዩ። እነሱም ይቅመሱት።»